ቡያቤስ ከ60 ዩሮ በላይ ይገባዋል?

የወደቡ ልጅ፦ ትናንት አንዱ እዚህ ግሩፕ ላይ ስለ ፈረንሳይዋ የወደብ ከተማ ማርሴይ የዓሣ ሾርባ «ቡያቤስ የድሃ ምግብ ነው፤ በሰው ከ60 ዩሮ በላይ የሚጠይቁት የማርሴይ ሬስቶራንቶች ዘራፊዎች ናቸው» ብሎ ጻፈ። ስንቱ ደግሞ ላይክ አደረገለት! በጣም ነው የተናደድኩት። ራስካስ የሌለበት ቡያቤስ የለም። ያ እሾሃም ዓሣ የሚኖረው ድንጋይ ለድንጋይ ነው፤ በትንንሽ ጀልባ ነው የሚያዘው። በምን ተአምር ይርከስ?

ባሕር ዳሬ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። የድሃ ምግብ ነው። አጥማጆቹ ገዢ ያጣውን፣ እሾህ የበዛበትን ዓሣ ለራሳቸው ይቀቅሉት ነበር። በ1980 እ.ኤ.አ. ባለሬስቶራንቶች ቻርተር ጻፉና የራሳቸው አደረጉት።

እንስላል፦ ቻርተሩን አንብበኸዋል ወንድሜ? ከተዘረዘሩት ዓሦች ቢያንስ አራት ዓይነት ይግባ ይላል። ዓሣው እንግዳው ፊት ይቆረጥ ይላል። የተጻፈው ቱሪስቱ ያገኘውን የዓሣ ሾርባ ሁሉ ቡያቤስ ነው ተብሎ እንዳይታለል ነው። ይሄ ዝርፊያ ነው?

ባሕር ዳሬ፦ ዶሮ ወጥ 12 ብልት እንዳለው ማን ቻርተር ጻፈልን? እናቶቻችን ናቸው ያስተማሩን። ምግብ የሚጠበቀው ቤት ውስጥ ነው።

የወደቡ ልጅ፦ «የድሃ ምግብ» እያልክ ዛሬ የሚያጠምደውን ሰው ረሳኸው። ጠዋት የማርሴይ አሮጌው ወደብ፣ ቪዩ ፖር ሄደህ የዓሣውን ዋጋ ጠይቅ። እሱም ልጆች አሉት። መረቁ ውስጥ የሚገባው ቅመም፣ ሳፍሮኑስ? ከአበባው በእጅ እየተለቀመ ነው የሚመጣው።

ባሕር ዳሬ፦ አጥማጁ ይከፈለው፣ ማን ተቃወመ? እኔ የምለው፣ የአጥማጁ ልጅ ዛሬ እነዚያ ሬስቶራንቶች ገብቶ የአያቱን ምግብ ማዘዝ ይችላል ወይ?

ቱሎን ነኝ፦ እኛ ቱሎን ከተማ ያለነውስ? ድንችና ሙስል (ባለ ቅርፊቱን የባሕር ምግብ) ስለምንጨምር ማርሴዮች «ቡያቤስ አይደለም» ይሉናል። ባሕሩ አንድ፣ ዓሣው አንድ!

እንስላል፦ ድንቹን ማርሴይም የሚጨምር አለ። ሙስሉ ግን በፍጹም። የድንጋይ ዓሣውን ጣዕም ያጠፋዋል።

ቱሎን ነኝ፦ ቀምሰሽው ታውቂያለሽ?

የወደቡ ልጅ፦ ሙስሉን ተዉት እባካችሁ! መረቁ ሩይ (የነጭ ሽንኩርትና የቃሪያ ማባያ) ከተቀባ ዳቦ ጋር ቀርቦ፣ ዓሣው ለብቻው ተከትሎ፣ አስተናጋጁ አጥንቱን እያወጣ... ባሕር ዳሬ፣ ይሄን ሁሉ በስንት ይሽጡልህ? ቁጥር ጥራ።

ባሕር ዳሬ፦ አንተ መጀመሪያ የአጥማጁን ልጅ ጥያቄ መልስ።

ቱሎን ነኝ፦ እንስላል፣ እኔም መልስ እየጠበቅኩ ነው።