በስፌት ማሽን ላይ የተገጠመው ቆጣሪ ስክሪንና የእኛ የሥራ ዋስትና

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ኦፐሬተር ሆኜ ስሠራ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ቀደም ሲል ሱፐርቫይዘሯ በየሰዓቱ እየዞረች የሰፋነውን በእስክሪብቶ ትመዘግብ ነበር፤ አሁን ግን በየማሽኑ ላይ ትንሽ ስክሪን ተገጥሞ የጨረስኩትን ኪስ ራሱ ይቆጥራል፣ ክር ተበጥሶብኝ ስቆም ደግሞ ቀይ ያበራል። ታርጌቱን፣ ማለትም መስፋት ያለብንን ብዛት፣ ያወጣው ውጭ አገር ያለው የልብሱ ገዢ እንደሆነ ይነግሩናል። ሰሞኑን ኪስ የሚሰፋ አውቶማቲክ ማሽን ሊመጣ ነው መባሉን ሰምተን ተጨንቀናል። በዚህ ምክንያት ብቻ ሊያሰናብቱን ይችላሉ? የምንከራከረውስ ከማን ጋር ነው?

መልስ 1፦
እህቴ፣ ይችላሉ፤ እንደፈለጉ ግን አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ምርታማነትን ለማሳደግ አዲስ ቴክኖሎጂ ማስገባትን በማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ከሚያበቁ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። የሚሰናበቱት ከጠቅላላው ሠራተኛ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆኑ ግን ጉዳዩ የሠራተኛ ቅነሳ ስለሚሆን፣ አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካይ ጋር መመካከር፣ የሙከራ ጊዜያቸውን ለጨረሱትም የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት ይኖርበታል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። በቅነሳ ጊዜ በሥራ ላይ እንዲቆዩ ቅድሚያ የሚሰጣቸው ችሎታና ከፍተኛ ምርታማነት ያላቸው ሠራተኞች ስለሆኑ፣ ያ ስክሪን የያዘው ቁጥር ነገ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብብሽ ይችላል። ክር ሲበጠስ ወይም መብራት ሲጠፋ የባከነው ደቂቃ በማን ስም እንደሚመዘገብ አሁኑኑ በጽሑፍ ጠይቂ።

መልስ 2፦
አሠሪሽ ውል ያስፈረመሽ ድርጅት እንጂ ገዢው አይደለም፤ ምንም እንኳ ዋጋውንና የማስረከቢያውን ቀን የሚወስነው ገዢው ቢሆንም። ገዢዎችን በፊርማ ማሰር የተቻለባቸው አጋጣሚዎች ጥቂት ናቸው። በባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ2013 የራና ፕላዛ ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ በርካታ ብራንዶች ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር አስገዳጅ የደኅንነት ስምምነት ፈርመዋል። ያም ቢሆን የሚመለከተው የእሳትንና የሕንፃን ደኅንነት እንጂ ታርጌትን አልነበረም። ታርጌቱን መደራደር የሚቻለው እዚሁ፣ የሠራተኛ ማኅበር ከአሠሪው ጋር በሚፈርመው የኅብረት ስምምነት ነው።

መልስ 3፦
እናቴ የተበላሸውን ፍሬ በእጅ የምትለይ ቡና ለቃሚ ነበረች። በቀለም የሚለይ ማሽን ሲገባ ለቃሚዎቹ ማኅበርም ተወካይም ስላልነበራቸው ያማከራቸው ሰው አልነበረም፤ አንድ ሰኞ ጠዋት በር ላይ ሥራ የለም ተባሉ።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እኛም ማኅበር የለንም። ለማቋቋም ስንት ሰው ያስፈልጋል?

መልስ 1፦
በአንድ ድርጅት ውስጥ አሥር ሠራተኞች ካሉ ማቋቋም ይቻላል።

ጠያቂዋ፦
የኪስ መስመር ላይ ብቻ አሥራ አራት ነን። ነገ በምሳ ሰዓት አነጋግራቸዋለሁ።