የኮምቦልቻና የደሴ ቢሮዎቻችንን የኢሜይል አድራሻ እንዴት ላገናኝ?

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ አይቲ ነኝ። የፋብሪካው ኢሜይል በማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ (የማይክሮሶፍት የኢሜይል ሰርቨር) ነው። ደሴ ያለው የሽያጭ ቢሯችን ደግሞ ጉግል ወርክስፔስ (የጉግል የቢሮ ኢሜይል አገልግሎት) ይጠቀማል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ መምጣት ቀላል ነው፤ የአንዱ ቢሮ የአድራሻ ዝርዝር ግን ወደ ሌላው አልሻገር አለኝ።

ባለፈው ሳምንት የመጋዘን ኃላፊያችን የጭነት ሰነድ ለደሴው ሒሳብ ሹም ልትልክ ስሙን ጻፈች። ምንም አልመጣላትም። ደውላ ኢሜይሉን ፊደል በፊደል እየጠየቀች ካርቶን ላይ ስትጽፍ አየኋት። በጣም ከበደኝ።

የደሴዎቹን ዝርዝር በሲኤስቪ (በነጠላ ሰረዝ የተለየ የሰንጠረዥ ፋይል) አውጥቼ አውትሉክ ላይ አስገባሁ። በአማርኛ የተጻፉት ስሞች በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኑ። ፋይሉን በዩቲኤፍ 8 (የአማርኛ ፊደልንም በሚይዝ የጽሑፍ ኮድ) ሳስቀምጠው ተስተካከለ፤ ግን የገባው እኔ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ሰው ሲቀጠር ወይም ሲለቅ እንደገና ከዜሮ መጀመር ነው።

የጉግል ማመሳሰያ መሣሪያ ከአክቲቭ ዳይሬክተሪ (ከማይክሮሶፍት የተጠቃሚዎች መዝገብ) ወደ ጉግል ብቻ ነው የሚወስደው። የኔ ችግር ደግሞ በተቃራኒው ነው። አሁን የደሴ ሠራተኞችን ኤክስቼንጅ ላይ እንደ ውጭ ኮንታክት በፓወርሼል (በማይክሮሶፍት የትዕዛዝ መጻፊያ) ልመዝግባቸው አስቤያለሁ። ይህን የሠራ ሰው አለ? ስክሪፕቱ በየሌሊቱ በራሱ እንዲሠራ፣ የለቀቀውንም እንዲያጠፋ እንዴት ላድርገው? እባካችሁ፣ የምታውቁ ንገሩኝ።