ወደ ቩርስቡርግ ለምናደርገው ጉዞ የጋራ ሐሳብ፦ የባርባሮሳ ሰርግ ሥዕል

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ከፍራንክፈርት በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ወደሚወስደው ቩርስቡርግ እንሂድ የሚለውን ብዙዎቻችሁ ደግፋችሁታል። እኔ የምለው፣ እዚያ ያለውን ቤተ መንግሥት፣ ሬዚደንዝን፣ ሙሉ ከምንዞር አንድ ሥዕል ላይ እንቆይ፤ እሱም ጣሊያናዊው ሠዓሊ ቲየፖሎ በቤተ መንግሥቱ አዳራሽ በ1752 እ.ኤ.አ. የጨረሰው የንጉሠ ነገሥት ፍሬደሪክ ባርባሮሳና የቡርጎኝዋ ቤያትሪስ ሰርግ ነው። ሰርጉ እዚያው ከተማ የተፈጸመው በ1156 ነው፤ ሙሽሮቹ የለበሱት ግን የ16ኛው ክፍለ ዘመን የቬኒስ ልብስ ነው። ስለዚህ ስናየው ማን ለምን እንዳሣለው እንጠይቅ።

አባል፣ ከማይንዝ፦ ጥሩ ነው። ግን የደረጃውን ጣሪያ አትዝለሉት። ቲየፖሎ እዚያ አራቱን አህጉራት ስሏል፤ አፍሪካም በግመል ላይ ተቀምጣ ትታያለች። ሠዓሊው አፍሪካን ረግጦ አያውቅም። ልጆቻችን መጠየቃቸው አይቀርምና መልስ ይዘን እንሂድ።

ሠዓሊው አባል፦ የሰርጉን ማብራሪያ ለእኔ ተዉልኝ። የሚያጋባውን ጳጳስ ፊት ልብ ብላችሁ እዩ፤ መልኩ ሥዕሉን ያዘዙት የልዑል ጳጳስ (ከተማዋን እንደ መስፍንም የሚገዛ ጳጳስ) ካርል ፊሊፕ ፎን ግራይፈንክላው ነው። ከፊት ለፊት ባለው ሥዕል ደግሞ ባርባሮሳ በ1168 ለቩርስቡርጉ ጳጳስ የፍራንኮንያን (የአካባቢውን ግዛት) መስፍንነት ሲሰጥ ይታያል። ሁለቱን አያይዛችሁ ስታዩ ሰርጉ የሥልጣን ማስረጃ ሆኖ እንደቀረበ ይገባችኋል። በዚያው ዘመን በጣና ናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተስለዋል። የእሳቸው ተማጽኖ ነው፤ የጳጳሱ ግን የሌላውን ቦታ መያዝ። ይህን ልዩነት አባላት ቆመው ቢወያዩበት ደስ ይለኛል።
ሌላው መጋረጃው ነው። ቅርጻ ቅርጽ ሠሪው አንቶኒዮ ቦሲ ከጂብሰም ሠርቶ በወርቅ የቀባው መጋረጃ በሕፃናት መላእክት ተገልጦ ሰርጉን ያሳየናል። ከታች ሆኖ ቅርጹ የት እንዳለቀ፣ ሥዕሉ የት እንደጀመረ ለመለየት ዓይን ይቸገራል። ከፍ ያለ ስለሆነ ባይኖኩላር ያላችሁ ያዙ።

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ፤ እንዳለ ይግባ።

እትዬ፣ የአረጋውያን ተጠሪ፦ ልጆቼ፣ እንዴት እንደተረፈም ንገሩልን። ማርች 16 ቀን 1945 ከተማይቱ ስትደበደብ ቤተ መንግሥቱ ተቃጥሎ ነበር፤ አርክቴክቱ ባልታዛር ኖይማን የሠራው የድንጋይ ጣሪያ ግን አልተደረመሰም። ከዚያም አሜሪካዊው መኮንን ጆን ስኪልተን ዝናብ ሥዕሉን እንዳያበላሸው እንጨት አፈላልጎ ጊዜያዊ ክዳን አሠራለት። እንደዚህ ያለ ሰው ስሙ ሊነሣ ይገባል።

ሂሳብ ሹም፦ ከ18 ዓመት በታች ያሉ የመግቢያ አይከፍሉም። የአዋቂዎቹን ግማሽ ማኅበሩ ይሸፍን ብዬ አቀርባለሁ፤ የባቡሩን የቡድን ቲኬት ደግሞ ቀደም ብለን እንያዝ።

አባል፣ ከማይንዝ፦ በዚህ እስማማለሁ። ለደረጃው ግማሽ ሰዓት ከተሰጠ በቂዬ ነው።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው እንዲህ ይነበብ፦ «በመጀመሪያ ደረጃው፣ ግማሽ ሰዓት፣ አፍሪካን ጨምሮ። ቀጥሎ አዳራሹ፣ አንድ ሰዓት፤ ሰርጉና የ1168ቱ ሥዕል አንድ ላይ ይታያሉ፣ ማብራሪያውም በአማርኛ ይሆናል። ከ1945 የተረፈበት ታሪክ በመውጫው ላይ ይነገራል።» ቡድናችን በራሱ ቋንቋ ማብራራት ይፈቀድለት እንደሆነ ቤተ መንግሥቱን የምጠይቀው እኔ ነኝ። ተቃውሞ ያለው እስከ እሑድ ይጻፍ።