ከሥራ ወጥታችሁ ክፍያ ለተከለከላችሁ፦ መሀል አዲስ አበባ ላይ የትኛውን በር ማንኳኳት ይሻላል?

ይህን ጥቆማ የምጽፈው ሰሞኑን ከሥራ ለተቀነሱ፣ ድርጅታቸው ለተዘጋባቸውና "ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ነይ" እየተባሉ ለሚመላለሱ ነው። ሰው ሀብት ክፍል ለዓመታት ስለሠራሁ ጥያቄው ወደ እኔ ይመጣል። ለሁሉም የምመልሰው ያው ስለሆነ አንድ ላይ ላስቀምጠው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይጥራ። ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን ሥራ ሲያጡ በየወሩ የሚከፈላቸው ገንዘብ አለ። እኛ ጋ እንዲህ ያለ የሥራ አጥነት መድን የለም። ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ በሥራ ፈላጊነት ብትመዘገቡ ከሥራ ሊያገናኟችሁ ይችላሉ፤ ደሞዝ የሚተካ ብር ግን አይሰጡም። ስለዚህ ቀጣዩ ሥራ እስኪገኝ ቤት ኪራይና አስቤዛ የሚሸፍነው ከአሠሪያችሁ የምታገኙት ነው። የስንብት ክፍያ፣ ያልወሰዳችሁት የዓመት ፈቃድ፣ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጣችሁ ከሆነ የዚያ ጊዜ ደሞዝ፣ ፕሮቪደንት ፈንድ (እናንተም አሠሪውም በየወሩ የምታስቀምጡት የቁጠባ ገንዘብ) ካላችሁ እሱም። የሠራችሁበት ነውና ለመጠየቅ አትፈሩ።

የትም ከመሄዳችሁ በፊት ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የ30 ቀን ደሞዝ ነው። የሚታሰበውም በመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደሞዝ ነው። ከዚያ በኋላ ለሠራችሁት ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ እየተጨመረ ይሄዳል፣ ጠቅላላው ግን ከ12 ወር ደሞዝ አይበልጥም። ድርጅቱ ከተዘጋ ወይም ሠራተኛ ከቀነሰ ደግሞ የ60 ቀን ደሞዝ ተጨማሪ አለ። የቀን ደሞዙ 400 ብር የሆነ ሰው አራት ዓመት ሠርቶ በቅነሳ ቢወጣ ስንብቱ 24,000፣ ተጨማሪው 24,000፣ በድምሩ 48,000 ብር ይደርሰዋል። ብዙ ሰው የመጀመሪያዋን ተቀብሎ ፈርሞ ይወጣል፣ ሁለተኛዋን የሚነግረው የለም። እባካችሁ "ሒሳቤን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ" የሚል ወረቀት ላይ ሳትቆጥሩ አትፈርሙ።

"በፈቃዱ የለቀቀ ምንም አያገኝም" የሚባለውም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ቢያንስ አምስት ዓመት ያገለገለና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ የሌለበት ሰው በራሱ ፈቃድ ቢለቅም የስንብት ክፍያ መጠየቅ ይችላል። ያለ ሕጋዊ ምክንያት የተባረረ ደግሞ ወደ ሥራ ልመለስ ማለት ይችላል። ካልተመለሰ፣ ቋሚ ሠራተኛ ከሆነ፣ ከስንብቱ ሌላ የ180 ቀን ደሞዝ ካሳና የማስጠንቀቂያ ጊዜው ክፍያ አለ።

አሁን ወደ በሮቹ። እኔ የምመዝናቸው በአንድ ነገር ነው፦ ከዚያ ቢሮ ስወጣ ቀን ያለበት፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እጄ ላይ አለ ወይ? ይህን የምለው በይርጋ ምክንያት ነው፤ ይርጋ ማለት ጥያቄ የሚቀርብበት የሕግ ጊዜ ገደብ ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይወድቃል። የክፍያ ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር። አሠሪው እኮ ብዙ ጊዜ "አልከፍልም" አይልም። "ፋይናንስ ጋ ነው፣ ሥራ አስኪያጁ ሲመጣ፣ ከበዓል በኋላ" ይላል። ሰው በተስፋ ሲጠብቅ ስድስቱ ወር ያልቃል። ሕጉ የሚለው ግን ግልጽ ነው፤ ክፍያው በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር ደሞዝ ድረስ ተጨማሪ ሊያስከፍለው ይችላል።

የመጀመሪያ ምርጫዬ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ነው። ድርጅታችሁ አራዳ፣ ቂርቆስ ወይም ልደታ ከሆነ በየክፍለ ከተማው አለላችሁ። ነጻ ነው። አሠሪውን ጠርተው ያነጋግራሉ፣ ያስማማሉ፣ ሰነድ ያስቀርባሉ። ትንንሽ ድርጅቶች ከመንግሥት ቢሮ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ቶሎ ይከፍላሉ፤ ትልልቆቹ ጠበቃ ስላላቸው ብዙም አይደነግጡም። ድክመቱ ስልክ ነው። ደውሎ ጉዳይን መጨረስ የማይታሰብ ነገር ስለሆነ ጠዋት በር ሲከፈት በአካል ሂዱ። ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ጊዜ ቦታ የቀየሩ ቢሮዎች ስላሉ አድራሻውን ከሰፈሩ ሰው አረጋግጡ። ባለሙያው ጨዋ ሆኖ "እሺ እናነጋግራቸዋለን" ቢላችሁ አመስግኑት፣ ግን በዚያ አትመለሱ። አቤቱታውን በሁለት ቅጂ ጽፋችሁ አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመቱ። በጽሑፍ የቀረበ አቤቱታ ይርጋውን ያቋርጣል። በአፍ የነገራችሁትን ግን ማንም አያስታውስላችሁም።

ማስማማቱ ካልሠራ ፍርድ ቤት ነው፤ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት። ሰው እዚህ ጋ "ገንዘብ የለኝም" ብሎ ይቀራል። ለሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ የለበትም። ሕጉ ውሳኔው በ60 ቀን እንዲሰጥ ያዛል፣ በተግባር ቀጠሮ ሊረዝም ይችላል። የትኛው ምድብ (የፍርድ ቤቱ ቅርንጫፍ) እንደሚመለከታችሁ መረጃ ክፍል ጠይቃችሁ ጀምሩ፣ አለበለዚያ ቀናችሁ በከንቱ ይሄዳል።

ክሱን ማን ይጻፍ ለምትሉኝ፣ ፍርድ ቤት አካባቢ ክስና ማመልከቻ በክፍያ ከሚጽፉት ራፖር ጸሐፊዎች ይልቅ ነጻ የሕግ ድጋፍን አስቀድሙ። ራፖር ጸሐፊዎች መካከል ጎበዝ ጎበዝ አሉ፣ ፈጣን ናቸው፣ ሥርዓቱንም ያውቁታል። ችግሩ ጊዜ የላቸውም። የእናንተን ታሪክ ሳይሰሙ የትናንቱን ክስ ስም ቀይረው የሰጧቸው ሰዎች አጋጥመውኛል። አንዲት እህት የዓመት ፈቃዷና የ60 ቀኑ ክፍያ ከነጭራሹ ክሱ ውስጥ አልተጠየቀላትም ነበር። ዳኛ ደግሞ ያልተጠየቀውን አይሰጥም። ወረቀቱ በሕግ ባለሙያ ታይቶ ካለቀ በኋላ ለማስተየብ ቢሆን ግን ጥሩ ናቸው።

ነጻ ድጋፍ ስል ሁለት ቦታ እጠቁማለሁ። አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ነው፤ ስድስት ኪሎ ሄዳችሁ ጠይቁ። ተማሪዎቹ ያዳምጣሉ፣ ሰነዳችሁን አንድ በአንድ ያያሉ፣ ካልገባችሁ ደግመው ያስረዳሉ። እኔ ገንዘብ ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ዩኒቨርሲቲው እረፍት ላይ ሲሆን ሥራው ሊቀዛቀዝ ስለሚችል ይርጋው ሊሞላ የቀረበ ሰው ግን እነሱን ብቻ አይጠብቅ። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። ለሴቶች ነጻ አገልግሎት ይሰጣል። በተለይ በእርግዝና ወይም በወሊድ ፈቃድ ሰበብ የተባረራችሁ፣ ትንኮሳ ሸሽታችሁ የለቀቃችሁ እዚያ ሂዱ። ገንዘቡ ትንሽ ነው ብለው ጉዳዩን አይንቁትም።

ድርጅታችሁ ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ካለ ከሁሉም ቀድማችሁ ለእሱ ንገሩ። ማኅበሩ በኢሠማኮ (የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን) ሥር ካለ፣ አባል በሆነበት የዘርፉ ፌዴሬሽን በኩል የሕግ ምክር ማግኘት ይቻላል። ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር የተፈራረመው የኅብረት ስምምነት ካላችሁ ደግሞ ከአዋጁ የተሻለ ክፍያ ሊኖረው ስለሚችል ቅጂውን ፈልጉ።

ጠበቃስ? ገንዘቡ ትልቅ ከሆነ ወይም አሠሪው "እሱ የሥራ መሪ ነበር" የሚል ክርክር ካነሳ ጠበቃ ያዙ። ይህች ክርክር ቀላል አይደለችም። የሥራ መሪ በዚህ አዋጅ አይሸፈንም፤ ክርክሩ በሌላ ሕግ ይታያል፣ ከላይ የቆጠርነው ሒሳብም አብሮ ይቀየራል። የመጠሪያ ስሙ "ሱፐርቫይዘር" ስለሆነ ብቻ ግን ማንም የሥራ መሪ አይሆንም፤ የሚታየው በትክክል የመቅጠር፣ የማሰናበት፣ ፖሊሲ የማውጣት ሥልጣን ነበረው ወይ የሚለው ነው። ከጠበቃው ጋር በመቶኛ ከተስማማችሁ በጽሑፍ ይሁን፣ ፈቃዱንም እዩ። ለ20 እና 30 ሺህ ብር ክርክር ግን ጠበቃ አልመክርም፤ ከምታገኙት ብዙው ለእሱ ይሄዳል።

የምትይዙት ሰነድ የቅጥር ውል፣ የስንብት ደብዳቤ፣ የደሞዝ ወረቀት፣ መታወቂያ ነው። ውል አልሰጡንም የምትሉ አትጨነቁ። ደሞዝ የሚገባበትን የባንክ ሒሳብ መግለጫ በማኅተም አውጡ፣ ባጅና ከአለቃችሁ ጋር የተጻጻፋችሁትን መልእክት አስቀምጡ፣ ምስክር የሚሆን ባልደረባ ስልክ ያዙ። ደብዳቤ ሳይሰጡ "ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ" ካሏችሁ ያንኑ ቀን ራሳችሁ ደብዳቤ ጽፋችሁ አስገቡ፣ አንቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ (ደረሰኝ በሚሰጥበት የአደራ ደብዳቤ) ላኩት። ይህን ካላደረጋችሁ በኋላ "ራሱ ነው ከሥራ የቀረው" ይባላል። የሥራ ልምድ ማስረጃን ደግሞ ማስፈራሪያ የሚያደርጉት አሉ። "ክሱን ተው፣ ልምድህን እንሰጥሃለን" ይላሉ። ማስረጃው በሕግ ያለ ክፍያ የሚሰጥ ስለሆነ አቤቱታው ውስጥ አብራችሁ ጠይቁት።

ጡረታን ለየት አድርጌ ልጨርስ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚያ ሄዶ አዝኖ ይመለሳል። ከደሞዛችሁ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ሥራ ስለለቀቃችሁ ይህ ገንዘብ አይመለስላችሁም፤ ለጡረታ አበል ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል፣ የተለያየ ድርጅት የሠራችሁበት ዘመንም ይደመራል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ጋ መሄድ የሚጠቅመው ለሌላ ነገር ነው። አሠሪያችሁ ቆርጦ ገቢ አድርጓል ወይ የሚለውን ለማጣራት። ቆርጦ ያላስገባ ካለ ድርጅቱ ጨርሶ ሳይፈርስ፣ ሒሳብ ሠራተኞቹ ሳይበተኑ አሁኑኑ አመልክቱ። መታወቂያና የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ያዙ፤ የድርጅቱ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ደሞዝ ወረቀታችሁ ላይ ካለም ገልብጡት፣ ፋይሉን ለማግኘት ያቀልላቸዋል።