ፓርክ ዳር ያለች ገለል ያለች ሎጅ ከልጅና ከእናቴ ጋር ላድር ነው፣ ምን ልዘጋጅ?

መንገደኛዋ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ በሚቀጥለው ወር ከባለቤቴ፣ ከእናቴና ከ6 አመት ልጄ ጋር ናሽናል ፓርክ ዳር ያለች ትንሽ ሎጅ ሁለት ለሊት ልናድር ቡክ አድርገናል። ከዋናው አስፋልት 18 ኪሎሜትር ገባ ያለች ናት፣ ስድስት ጎጆ ብቻ ነው ያላት፣ በዙሪያዋ ሌላ ቤት የሚባል የለም። ፎቶዋን ሳይ ልቤ ቅልጥ ብሎ ወዲያው ነበር የያዝኩት፣ አሁን ቀኑ ሲቀርብ ግን ፍርሃት ፍርሃት እያለኝ ነው። ኔትወርክ የለም ተብያለሁ፣ መብራቱ የሶላር ስለሆነ ከምሽቱ አራት ሰአት በኋላ ይጠፋል፣ ከፍታው ደግሞ ወደ 3000 ሜትር ነው፣ ብርዱ ሌላ ነው ይላሉ። እናቴ 67 አመቷ ነው፣ ብርድ አይስማማትም፣ ለሊት ሁለት ሶስቴም ትነሳለች። ልጄ ጨለማ ይፈራል። እኔን ግን ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የነሳኝ አውሬው ነው፣ ለሊት ጎጆው ድረስ ቢመጣስ? እንደዚህ አይነት ቦታ ያደራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ፣ ልሰርዘው ወይስ ልሂድ?

ሹፌሩ፦
አይዞሽ እህቴ፣ እንዳትሰርዢው። እኔ ሰው ጭኜ ፓርክ ለፓርክ ስዞር 11 አመት ሆኖኛል፣ እንግዳ ሲቸገር ያየሁት አውሬ ነክቶት ሳይሆን መንገድ ላይ መሽቶበት ነው። አንዴ ራሴ ተሳስቼ አውቃለሁ፣ ምሳ ላይ ቆይተን መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ጨልሟል፣ ታፔላዋ በንፋስ ወድቃ ሳር ውስጥ ተኝታለች፣ አልፈናት ሄደን መንገዱ ጠቦ ጠቦ የከብት መሄጃ ሲሆን ነው የገባን። መዞሪያ ቦታ ስለሌለ አንዱ እንግዳ ወርዶ ከኋላ በባትሪ እያበራልኝ ማርሽ ኋላ ይዤ ወጣሁ። ሎጁ ስንደርስ ከምሽቱ አምስት ሰአት ሆኗል፣ ዘበኛው ከአስራ ሁለት ሰአት ጀምሮ ፋኖስ ይዞ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀን ነበር፣ እስካሁን ሳስበው ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ቢያንስ ፀሃይ ከመጥለቋ ሁለት ሰአት በፊት ግቡ። ሲመሽ እንስሳት መንገድ ያቋርጣሉ፣ የመኪና መብራት አይናቸው ላይ ሲያርፍ ደግሞ ድርቅ ብለው ይቆማሉ እንጂ አይሸሹም። ደውለሽ የምትጠይቂው ነገር አለ፣ ሎጁ ከፓርኩ በር ውስጥ ነው ወይስ ውጪ? ውስጥ ከሆነ በሩ ስንት ሰአት ይዘጋል? የመግቢያው ክፍያስ ከአልጋው ውስጥ አለ ወይስ ለብቻ? ብዙ ሰው ይሄን ሳይጠይቅ ይሄድና በር ላይ ይጨቃጨቃል። ማፑን ቤት ሆነሽ ዳውንሎድ አድርጊው፣ ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክም ይሰራል። ስልክሽን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጊው፣ ኔትወርክ በሌለበት ሲፈልግ ነው ባትሪ የሚጨርሰው። መቼ እንደምትመለሱና የት እንዳላችሁ ለአንድ ዘመድ ፅፋችሁለት ሂዱ። ትርፍ ጎማውን ደግሞ ነፋስ እንዳለው እዩት።

ነርሷ፦
ሹፌሩ ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ ግን ከአውሬውም ከመንገዱም የበለጠ የማስፈራሽ ከሰል ነው። ከፍታ በ1000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ ወደ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፣ ስለዚህ 3000 ላይ ለሊቱ ይከብዳል፣ እናትሽ ሲንቀጠቀጡ ያየ ደግ ሰራተኛ ማንደጃ ይዞ መምጣቱ አይቀርም። በፍፁም እንዳታስገቢው!

ባለፈው አመት ከሁለት እህቶቼ ጋር እንዲህ ያለ ቦታ አድረን ነበር። ማንደጃው ሲገባልን ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ሁሉ አልቋል፣ ነርስ ሆኜ አደጋውን እያወቅኩ ድካሙ አሸነፈኝና ትንሽ ይሙቀንና አወጣዋለሁ ብዬ በዛው እንቅልፍ ወሰደኝ። ትንሿ እህቴ ለሽንት ስትነሳ ጉልበቷ ከድቷት በሩ ስር ተዘረፈጠች። የወደቀችበት ድምፅ ነው የቀሰቀሰኝ፣ ጭንቅላቴ እንደ ድንጋይ ከብዶኛል፣ ቀጥ ብዬ መቆም አልቻልኩም፣ በእንብርክክ ሄጄ በሩን ከፈትኩት። ሶስታችንም እስኪነጋ ውጪ ብርድ ልብስ ተጠቅልለን ስናስመልስ አደርን።

ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሂሞግሎቢን ላይ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ጭስ የለውም ማለት ጋዝ የለውም ማለት አይደለም። የሚያታልለው ደግሞ ይሄ ነው፣ ከ2500 ሜትር በላይ ሲወጣ የከፍታ ህመም የሚባል አለ፣ እሱም ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ስለዚህ ሰው ራሱን ሲያመው ከፍታው ነው ብሎ ተመልሶ ይተኛል። ከሰል ወይም የጋዝ ማሞቂያ ባለበት ክፍል ራሱን ያመመው ሰው ካለ ሁላችሁም ወዲያው ወደ ውጪ ውጡ፣ ከዛ ሀኪም ጋ። ቱቦው ወደ ውጪ የሚወጣ የእንጨት ምድጃ ከሆነ ይሻላል፣ እሱም ቢሆን ቱቦው እንዳልተደፈነ አስጠይቂ።

ለእናትሽ ሙቅ ውሃ የሚሞላበት የጎማ ከረጢት ያዢላቸው፣ በጨርቅ ጠቅልለሽ ከመተኛታቸው ሩብ ሰአት በፊት አልጋው ውስጥ አድርጊው። ኮፍያና ካልሲ አድርገው ይተኙ። የግፊት መድሃኒት ምናምን የሚወስዱ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ለሀኪማቸው ከፍታውን ንገሩት። ሽንት ቤቱ ከጎጆው ውጪ ከሆነ ደግሞ ፖፖ ያዙ፣ ምንም አያሳፍርም፣ በዛ ብርድና ጨለማ ደረጃ ከመውረድ ይሻላል።

የጫካ ልጅ፦
ሎጅ ውስጥ አራት አመት ሰርቻለሁ፣ ስለ አውሬው እኔ ልንገርሽ። አውሬ ጎጆ ድረስ የሚመጣው ሰው ፍለጋ ሳይሆን ሽታ ፍለጋ ነው። ልጅሽ አልጋ ላይ ብስኩት ከበላ ለሊት አይጥ ይመጣል፣ ሙዝ መስኮት ዳር ካስቀመጥሽ ጠዋት ዝንጀሮ ይገባል፣ መስኮት መክፈት ደግሞ ይችሉበታል። ምግብ ሁሉ ለወጥ ቤቱ ስጡት ወይ መኪና ውስጥ ቆልፉበት። ጫማ ውጪ አታሳድሩ፣ ጠዋት ስታደርጉትም አራግፉት።

ከመሸ በኋላ ከጎጆ ወደ ምግብ ቤት ብቻችሁን አትሂዱ፣ ዘበኛውን ጥሩት፣ ስራው ነው፣ ደስ ብሎት ነው የሚሸኛችሁ። መጀመሪያ የሰራሁት ወንዝ ዳር ነበር፣ እዛ ጉማሬ ለሊት ለሊት ሳር ሊግጥ ይወጣል፣ ጎህ ሳይቀድ ወደ ውሃው ይመለሳል፣ በሱና በውሃው መሀል የቆመ ሰው ነው የሚጎዳው። የእናንተው ከፍታ ላይ ስለሆነ ጉማሬ አታስቢ፣ ግን የትም ቢሆን ነገሩ አንድ ነው፣ መንገዱን አትዝጊበት።

ቀን ላይ ደግሞ ርቀት። የሎውስቶን፣ በ1872 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአሜሪካ ፓርክ ማለቴ ነው፣ ደንቡ ከድብና ከተኩላ ቢያንስ 91 ሜትር እንደ ጎሽ ካለ እንስሳ ደግሞ 23 ሜትር ራቁ ይላል። ልጅ ሜትር አይገባውም፣ እንዲህ በይው፣ ክንድህን ዘርጋ፣ አንድ አይንህን ጨፍን፣ አውራ ጣትህ እንስሳውን ሙሉ በሙሉ ካልሸፈነው በጣም ቀርበሃል ማለት ነው። ልጆች ይሄን ጨዋታ ይወዱታል።

ጨለማውን ለሚፈራው ልጅ ደግሞ መብራቱ እስኪጠፋ አትጠብቂ። ራት ከበላችሁ በኋላ በረንዳው ላይ ብርድ ልብስ ለብሳችሁ ሁሉንም መብራት አጥፉና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ተቀመጡ፣ አይን ጨለማ የሚለምደው በዛ ጊዜ ነው። ስልክ አንዴ ካበራሽ ከመጀመሪያው ትጀምሪያለሽ፣ ቀይ መብራት ያለው ባትሪ ካለሽ እሱ አይጎዳም። ኮከቡን ሲያይ ፍርሃቱን ይረሳዋል። አንድ ነገር ደግሞ፣ የውሃ ማፍያ እና የፀጉር ማድረቂያ እንዳትሰኪ፣ ማፍያ ብቻውን 2000 ዋት ይስባል፣ የሶላሩን ሃይል ለሶኬት የሚቀይረው ኢንቨርተር አይችለውም፣ የስድስቱም ጎጆ መብራት ነው የሚሄደው።

ቆላ ነኝ፦
ሌላ ሰው አንብቦት ቆላ ፓርክ የሚሄድ ካለ ጭንቀቱ ብርዱ ሳይሆን ወባ ነው። ያቺ ትንኝ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ አጎበሩ ቀዳዳ እንዳለው ገና በቀን እዩት፣ የመከላከያ መድሃኒት ደግሞ ከጉዞው በፊት ስለሚጀመር ሀኪም ቀደም ብላችሁ ጠይቁ።

መንገደኛዋ፦
ሄደን መጣን! ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። አስር ሰአት ላይ ነው የደረስነው፣ ፀሃይ እያለ። ነርሷ እንዳልሽው ማታ ሁለት ሰአት ላይ አንድ ልጅ ማንደጃ ይዞ በር አንኳኳ፣ እናቴ ደግሞ “ግባ የኔ ልጅ፣ ተባረክ” ብላ ልታስገባው ስትል ባለቤቴ በቁሙ አመስግኖ መለሰው። ትንሽ ተቀይማ ነበር፣ ያንቺን ፅሁፍ ሳነብላት ዝም ብላ ሰማችኝና ልጁን አስጠርታ እናንተስ የምትተኙት ከሰል ይዛችሁ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው፣ አዎ አለ። ጠዋት ቁርስ ላይ ሰራተኞቹን ሰብስባ ስትነግራቸው ነበር፣ ማናጀሩም ቁጭ ብሎ ሰማት።

ልጄ በረንዳው ላይ መጀመሪያ ጭኔ ስር ተሸጉጦ ነበር፣ በኋላ እሱ ነው አንግባ ያለው። በነጋታው ጠዋት ከጎጆው ፊት ለፊት ሳሩ ላይ አንዲት ድኩላ ከነግልገሏ ቆማ አገኘናት፣ ጤዛው እግሯ ላይ ያበራል። ልጄ አንድ አይኑን ጨፍኖ ክንዱን ዘረጋ፣ አየት አደረገና በቀስታ “እማዬ፣ ጆሮዋ ተረፈ” ብሎ እጄን ይዞ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሳበኝ።