«ድምፅ ያለው ይምራው» ስለተባለው ጉዳይ

የማፉድ ልጅ፦ ዛሬ ጠዋት ሬዲዮ የሰማ አለ? ስለ አካባቢ ጥበቃ ሲወራ አንዱ እንግዳ ምን ቢል ጥሩ ነው! «እንግሊዝ አገር የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት የሚመሩት የሙዚቃው ዓለም ሰዎች ናቸው። እኛም የመንዙን የጓሳ ሣር ምድር ለመሰለ ጥብቅ ቦታ ዘፋኞችን ቦርድ ላይ እናስቀምጥ። ድምፅ ያለው ይምራው።» ቆሎ እየቆረጠምኩ ነበር፣ ትን አለኝ። መንዝ ጓሳን ያን ሁሉ ዘመን ሲጠብቅ ማን ዘፈነለት?

ጠባሴ ሰፈር፦ ምን አናደደህ? ባለሙያ አንድ ሰዓት ቢያወራ የሚሰማው የለም። ዘፋኝ ችግኝ ይዞ ፎቶ ቢነሳ ግን ወጣቱ ሁሉ ይከተለዋል። ልክ ነው ሰውየው።

ጓሳ ማዶ፦ ተከትሎትስ? እኛ ጋ አምና ክረምት አንድ ስመ ጥር ዘፋኝ መጥቶ ተክሏል። ካሜራ ከፊት፣ ካሜራ ከኋላ። ጽዱን ከነላስቲኩ ጉድጓድ ውስጥ ከተተው። ጥቅምት ላይ ሄጄ ነቀልኩት። ሥሩ ጥቁሩ ላስቲክ ውስጥ እንደ ክር ተጠቅልሎ ደርቋል። ያ ነው ድምፅ ያለው!

ጠባሴ ሰፈር፦ የአንዱን ስህተት ለሁሉም አታሸክም እንጂ። ከነላስቲኩ የሚተክል ባለሥልጣንም አይተናል።

ጓሳ ማዶ፦ እሱንስ እውነትህን ነው 😂

ሰላድንጋይ፦ ሰውየው ወሬውን ቆርጦ ነው ያመጣው። ድርጅቷ ጁሊስ ባይስክል ትባላለች፣ ለንደን ነው ያለችው። እ.ኤ.አ. በ2007 የብሪታንያ የሙዚቃ ኢንዱስትሪ ሰዎች ናቸው ያቋቋሟት። መሥራቿ አሊሰን ቲክል ራሷ ቼሎ የተማረች ናት። ግን ልብ በሉ፣ ሥራቸውን የጀመሩት ማይክ ይዘው ሕዝብ በመምከር አይደለም። መጀመሪያ የገዛ ራሳቸውን ጭስ ነው የቆጠሩት። ኮንሰርቱ ስንት ያጨሳል? ሲዲው ስንት? የሲዲውን ፕላስቲክ ሣጥን በካርቶን መተካት ከማሸጊያው የሚመጣውን ብክለት እስከ 95 በመቶ እንደሚቀንስ አስልተው አሳዩ። በ2012 ደግሞ የእንግሊዝ የኪነ ጥበብ ምክር ቤት ገንዘብ የሚሰጣቸውን ተቋማት «የአካባቢ ሪፖርት አምጡ» ብሎ አስገደደ፣ ከእነሱው ጋር ሆኖ። ይሄ የሒሳብ ሥራ ነው እንጂ የዘፈን አይደለም።

የማፉድ ልጅ፦ እቴ ተባረኪ። ስለዚህ «ድምፅ ያለው» የሚባል ነገር የለም ማለት ነው። ካልኩሌተር ያለው ይምራው!

ጠባሴ ሰፈር፦ ታዲያ ካልኩሌተሩን የያዙት የሙዚቃ ሰዎች አይደሉም እንዴ? እኔም ያልኩት እሱኑ ነው።

ጓሳ ማዶ፦ ኧረ! ከአምስት ደቂቃ በፊት «ፎቶ ቢነሳ» ነበር ያልከው።

ማሲንቆ ወዳጅ፦ ዘፋኝን ማንቋሸሽ ቀሏችኋል። አዝማሪ ሥራው ከዛፍና ከከብት ጋር የተያያዘ ነው። ከበሮው ከዋንዛ ግንድ ይጠረባል። ማሲንቆው ቆዳ ይፈልጋል፣ ክሩ የፈረስ ጭራ ነው። ዋንዛ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጮኸው እሱ ነው። ቦርድ ላይ ቢቀመጥ ምን ነውር አለው?

ጓሳ ማዶ፦ ዋንዛ? መንዝ ላይ ዋንዛ የት አይተህ ነው?

ማሲንቆ ወዳጅ፦ መንዝ ብቻ ነው እንዴ ሰሜን ሸዋ? ወደ ኤፍራታ ውረድ፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ውረድ። እናንተ ደገኞች ከብርድ በቀር የምታውቁት የለም።

ጓሳ ማዶ፦ እናንተ ደግሞ ከወባ በቀር።

የማፉድ ልጅ፦ ወደ ነገራችን። «ድምፅ ያለው» ከተባለ የአንኮበርን ስም የያዘች ዘማሪ ወፍ አለች፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኝ። ድምፅ ካሉ የሷ ነው ድምፅ። ለምን ሊቀመንበር አናደርጋትም? ጭላዳው ደግሞ ጸሐፊ ይሁን፣ እሱም ሲጮህ ገደሉን ያናውጠዋል።

ጠባሴ ሰፈር፦ ቀልዱ። የእንግሊዞቹን የሙዚቃ ባንድ ኮልድፕሌይን አታውቁም? ዘፋኙ እ.ኤ.አ. በ2019 «ጉዟችን አካባቢን እንዳይጎዳ መንገድ እስክናገኝ ለኮንሰርት አንዞርም» አለ። በኋላ ተመልካቹ ሲጨፍርበት ኮረንቲ የሚያመነጭ ወለል ይዘው ወጡ። በየትኬቱ አንድ ዛፍ እናስተክላለን አሉ። በ2024 ከቀደመው ዙራቸው ጋር ሲነጻጸር ብክለቱ 59 በመቶ ቀንሷል ብለው ሪፖርት አወጡ።

ሰላድንጋይ፦ ልክ ነህ። ግን በ2022 ከአንድ የነዳጅ ኩባንያ ጋር በመዋዋላቸው «የኩባንያውን ስም ለማጠብ ስማችሁን እየሰጣችሁ ነው» ተብለው መወቀሳቸውንም ጨምርበት። ሪፖርቱን ያወጡት እነሱ፣ የተመሰገኑት እነሱ።

ጠባሴ ሰፈር፦ ምንም ቢሠራ አይጥማችሁም።

ሰላድንጋይ፦ ይጥመናል እንጂ። የኛዎቹም ይጀምሩ፣ ከራሳቸው። ባለፈው ደብረ ብርሃን ላይ ኮንሰርት ነበር። ሁለት የናፍጣ ጄኔሬተር ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ ነው ያደረው። ጠዋት ሜዳው የውኃ ፕላስቲክ ለብሷል። ሲለቅሙ ያየኋቸው ሁለት እናቶች ነበሩ፣ በማዳበሪያ ከረጢት። ለመሸጥ።

የአስቦ ሽማግሌ፦ ልጆች፣ እስኪ እኔም ልግባ። ጓሳን የአስቦና የጌራ ዘሮች ነበሩ በየወገናቸው አለቃ መርጠው የሚጠብቁት። ቄሮ ይባል ነበር ሥርዓቱ፣ ስሙን ሰምታችሁ ወደ ሌላ ነገር እንዳትሄዱ። ሣሩ እንዲያገግም ለዓመታት ይዘጋል፣ ሦስትም አምስትም። ሲከፈት ነው የሚታጨደው፣ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፣ ርስት ቀረ ተባለ። ሰውየው «ድምፅ ያለው» ሲል እኔ የገባኝ ሌላ ነው። ለእኛ ድምፅ ማለት ሕዝብ የሚሰጠው ነው።

የማፉድ ልጅ፦ ጋሼ ይኑሩልን! ድምፅ ያለው ሳይሆን ድምፅ የተሰጠው።

ማሲንቆ ወዳጅ፦ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያኔ ድምፅ የነበረው ባለ አጽመ ርስት ብቻ ነው። መጤውና ሸማኔው የት ነበር? አዝማሪስ?

የአስቦ ሽማግሌ፦ ይሄን አልክድም ልጄ። ግን ሣሩ ነበር።

ጠባሴ ሰፈር፦ እና ዘፋኝ ይግባ ወይስ አይግባ?

ጓሳ ማዶ፦ ይግባ። መጀመሪያ ላስቲክ መቅደድ ይማር።

ማሲንቆ ወዳጅ፦ አሁንም እዚያ ላስቲክ ላይ ነህ?

ጓሳ ማዶ፦ ጽዱ ስለሞተ ነዋ! አንተ ምን ታደርግ፣ ቆላህ ውስጥ ዋንዛህን አቅፈህ ተቀመጥ።

ጠባሴ ሰፈር፦ ይልቅ ስለ ባሕር ዛፉ የሚናገር ጠፋ። የደብረ ብርሃንን ዙሪያ የወረረው እሱ አይደል?

የማፉድ ልጅ፦ እንዳትነካት! ባሕር ዛፍ ባይኖር በምን ታበስላለህ፣ በኩበት?

ሰላድንጋይ፦ በሉ ይሄ ደግሞ እስከ ነገ አያልቅም። እኔ ወጣሁ።