ልቤስ ተጠገነ፣ ቅዳሜዬን ምን ላድርገው?

ሰላም ለሁላችሁ። የልብ ቀዶ ጥገና አድርጋችሁ ወደ ኑሯችሁ የተመለሳችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ምከሩኝ።

በልጅነቴ በወጉ ያልታከመ ቶንሲል የልቤን ቫልቭ አበላሽቶት ኖሯል። ከስምንት ወር በፊት በሰው ሠራሽ ተቀየረልኝ። ደረቴ ድኗል፤ ደረጃ ስወጣም አላለከልክም። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ግን ከውስጤ ቲክ ቲክ ይላል፣ ልክ እንደ ግድግዳ ሰዓት። ባለቤቴ ለመደችው። እኔ ነኝ ያቃተኝ።

ዋርፋሪን የሚባል የደም ማቅጠኛ መድኃኒት በየቀኑ እውጣለሁ። የደሜ ቅጥነት፣ አይኤንአር የሚሉት፣ ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን አለበት ተብያለሁ። ጾም ሲገባ ግን ዝቅ ይላል። ጎመን ነዋ! የመድኃኒቱን ጉልበት ይቀንሰዋል። ሐኪሜ «አትተወው፣ መጠኑን ግን አትለዋውጥ» አለኝ። ከአምስት ሰው ጋር በአንድ ትሪ እየበላሁ ጎመን እንዴት ይለካል?

ከሁሉ የከበደኝ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ድሮ ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ እጫወት ነበር። አሁን መድኃኒቱ ደም ስለሚያቀጥን ግጭት ያለበት ጨዋታ ተከልክያለሁ። ልጆቹ አዝነውልኝ ፊሽካ ሰጡኝ፣ «ዳኛ ሁን» ብለው። ሁለት ቅዳሜ ሞከርኩ። ስድብ ጠግቤ ተመለስኩ።

የእግር ጉዞ ተፈቅዶልኛል። እንጦጦ ግን ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ነው፣ ፈራሁ። ሐኪሜን በቀጠሮዬ እጠይቀዋለሁ፤ ያለፈበት ሰው ሲነግረኝ ግን ሌላ ነው። እናንተ ዳገት መውጣት እንዴት ጀመራችሁ? ጎመኑንስ? ድምፁስ መቼ ነው የሚለመደው?